ስለ ሸማኔው ጉድጓድና ስለ እርጥቡ ሣር

በጋሞ ደጋ፥ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ተራራ፥ የዶርዜ ሰው የሚሠራው ቤት ከሌላው አገር ቤት ልዩ ነው። ቀርከሃው ተሠንጥቆ እንደ ቅርጫት ይጠለፋል፤ ላዩ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ይከደናል፤ ደጃፉም ወደ ፊት ወጣ ብሎ ስለሚሠራ ከሩቅ ለሚያየው የዝሆን ራስ ይመስላል። አዲስ በሆነ ጊዜ ቁመቱ እጅግ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ምስጥ ከሥር እየበላው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ሰውየውም ከቤቱ ጋር አብሮ ያረጃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ይህ ቤት ከቦታው ሊነሣ የሚችል መሆኑ ነው። ባለቤቱ ወደ ሌላ ስፍራ ሊያዛውረው የወደደ እንደ ሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ ይሰበሰባል፤ ቤቱንም ከነጣራው በትከሻው ተሸክሞ ያሻግርለታል። ስለዚህ በዚያ አገር ቤት የሚዛወረው በጎረቤት ብዛት ነው፤ ጎረቤት የሌለው ሰው ቤቱን ሊያነሣ አይችልም።

ይኸው ሰው ሸማኔ ነው። የሸማኔ ሥራ ደግሞ እንደ ቤቱ አይነሣም። ምድር ተቆፍሮ የእግር ጉድጓድ ይዘጋጃል፤ ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ይሰድዳል፤ ድሩ በፊቱ ተወጥሮ፥ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝም ወደ ግራ ሲመላለስ ይውላል። እንግዲህ ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ክንድ ተክንድ የሆነ የራሱ መሬት ይበቃዋል። ከተማ ግን የከለከለው ይህንኑ ጥቂቱን መሬት ነው።

የጋሞ ሸማኔ ወደ አዲስ አበባ መምጣት የጀመረው አገሩ በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ከማእከላዊው መንግሥት ጋር ከተዋሐደ ወዲህ ነው። ከእንጦጦ ተራራ ሥር ሽሮ ሜዳና ጉለሌ የሸማኔዎች ሰፈር ሆኑ። በእሑድ ቀን ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲታይ፥ ነጠላው፥ ጋቢው፥ ኩታው፥ ጥበቡም ብዙው ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ ነው። ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ካህኑም ሹሙም ይለብሰዋል። ይሁን እንጂ ሸማውን የወደደ ሸማኔውን አልወደደም። የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሁሉ በስድብ ስም መጥራት ልማድ ሆኖ ነበርና፥ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ ለዘመኑ እጅግ የሚደነቅ ነበረ። ነገር ግን ዐዋጅ አፍን እንጂ ልብን አይዘጋም፤ ሸማኔ የሚለው ቃል ከዚያ በኋላም በብዙ ቤት ዝቅ ተደርጎ ሲነገር ኖረ።

በቀድሞው ጊዜ በአዲስ አበባ ባለጸጋና ድኻ በአንድ ሰፈር ይኖር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የመኳንንቱ ግቢ በኮረብታው ላይ ይሆናል፤ በዙሪያው ደግሞ የአሽከሩ፥ የሠራተኛው፥ የነጋዴው ጎጆ ይሠራል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ንብረት በሆነ ጊዜም ይህ መደባለቅ አልጠፋም፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ትንሽ ስለ ነበረ ድኻው ከመካከለኛው ከተማ ሳይወጣ ኖረ። ቤቱ ያረጀ፥ ጣራው የሚያፈስ፥ መጸዳጃው ለብዙ ሰው አንድ ነበረ፤ ይህንን ክፉ ኑሮ ማንም ሊያወድሰው አይገባም። ሆኖም እድር ነበረ፤ ለቅሶ አብሮ የሚለቀስበት፥ ጠላና ቡና አብሮ የሚጠጣበት ደጃፍ ነበረ። ሌባ ወደ ሰፈሩ የገባ እንደ ሆነ አስቀድማ የምታየው ከበሯ ላይ ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትለው አሮጊት ነበረች።

በዶርዜ ስለ ነብር የሚነገር አንድ ነገር አለ። ነብር ክርስቲያን ነው፥ ጾምም ይጾማል ይላሉ። ይህን የሚለው ሰው ግን ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ፍየሉን ሳይጠብቅ አይውልም። ዳን ስፐርበር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በዚያ ተቀምጦ ይህን ሰምቶ በ1960ዎቹ በጻፈው መጽሐፍ እንዴት ሁለቱ በአንድ ልብ ይኖራሉ ብሎ ብዙ ተመራምሮበታል። ለሰፈር ኑሮ ግን ነገሩ ያን ያህል የረቀቀ አይመስልም። ጎረቤት ደግ ነው ብሎ ማመንና ማታ በርን መዝጋት ሁልጊዜ አብረው ኖረዋል። የሚያስፈራው በር መዝጋቱ አይደለም፤ ከበሩ ውጭ ያለውን ሰው ስሙን እንኳ የማያውቁበት ጊዜ መምጣቱ ነው።

ያ ጊዜ መጣ። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲሰጥ ተደነገገ፤ ከዚያም ወዲህ መሬት ዋጋው በየጊዜው እየናረ ሄደ። አሮጌው ሰፈር እየፈረሰ ፎቅ ተሠራበት፤ በፎቁ ዙሪያ ግንብ፥ በግንቡ በር ዘበኛ ቆመ። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በብዛት በከተማው ዳርቻ አሠራ፤ ኮንዶሚኒየም የሚባሉት ናቸው። ዕጣ ለወጣለት ሰው ንጹሕ ውኃና የራሱ መጸዳጃ ያለው ቤት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በአራተኛ ፎቅ ላይ የሸማኔ ጉድጓድ የሚቆፍር ማን ነው? ቢቆፍር በሦስተኛው ፎቅ በሚኖረው ሰው ራስ ላይ እግሩን ይሰድዳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ሥራውም ወደ ክልል ከተሞች ተሻገረ። መንገዱ ሰፍቷል፥ መብራቱ በዝቷል፥ ማታ በእግር መሄድ ደስ ያሰኛል፤ እውነቱን መናገር ይገባል። በዚያ መንገድ ዳር ይኖር የነበረው ሰው ዛሬ ማታ በእግሩ የሚሄደው ወዴት እንደ ሆነ መጠየቅ ግን የተረሳ ይመስላል።

አሁን አንድ ሸማኔ በአሳብ ይታይ። ከዶርዜ የወጣ፥ በሽሮ ሜዳ በኪራይ ቤት ሃያ ዓመት የሠራ ነው። ከባሕር ማዶ በፋብሪካ ተሠርቶ የመጣው፥ የሐበሻ ልብስ የሚመስለው ጨርቅ ገበያውን አጣበበበት፤ የቤት ኪራይም ጨመረበት። ስለዚህ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ ወረደ። እዚያ መሬቱ ርካሽ ነው። አንዳንዱ በኪራይ ገባ፤ አንዳንዱም ከገበሬ ላይ ጥቂት ካሬ ገዝቶ በሌሊት ቤት ሠራ፤ ሕዝቡ የጨረቃ ቤት የሚለው ይህን ነው። ቤቱ ሕጋዊ ወረቀት የለውም፤ ጉድጓዱን ለመቆፈር ግን መሬት አለው።

ይሁን እንጂ ያ መሬት ባዶ አልነበረም። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው የኦሮሞ ገበሬ ከተማ በሰፋ ቁጥር እርሻውን እየተነጠቀ፥ በትንሽ ካሣ እየተሸኘ፥ ልጆቹም ቦታው በነበረው ፎቅ በር ላይ ዘበኛ እየሆኑ ኖሩ። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን የተባለው በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ተቃወመ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ፤ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ዕቅዱን ተወው። እንግዲህ ገበሬው ለሸማኔው የሸጠው ካሬ ብዙ ጊዜ ቢቆይ ያለ ካሣ ይወሰድብኛል ብሎ የፈራው መሬት ነበረ።

የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ የማያውቅ የዚህ ገጽ አንባቢ የለም። በዚያ ታሪክ ባለጸጋው አንድ፥ ድኻው አንድ ነው፤ ቦታው በቤተ መንግሥቱ አጠገብ በመሆኑ ተፈለገ፥ ሐሰተኛ ምስክርም ቆመበት። በዘመናችን ከተማ ዳርቻ ግን ነገሩ ይጠልቃል። ከመካከለኛው ከተማ የተገፋው ናቡቴና በዳርቻው እርሻውን ያጣው ናቡቴ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። አክዓብ በዚያ የለም፤ እርሱ በግንቡ ውስጥ ነው። ሁለቱም ድኾች እርስ በርሳቸው ይተያዩና እያንዳንዱ ያጣውን ነገር በሌላው እጅ ያየው ይመስለዋል። ቋንቋቸው የተለያየ ከሆነ ደግሞ የመሬት ጠብ መሆኑ ይረሳል፤ የዘር ጠብ የሚባል ሌላ ስም ይወጣለታል።

በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። ዘመን ከተለወጠ ገና ሳምንት አልሆነውም ነበር። የጋሞ ሰው በዓመት ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረው በዓል መስቀል ነው፤ በአዲስ አበባ ያለ ሸማኔ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ያጠራቀመውን ይዞ፥ ለእናቱ ልብስ፥ ለቤቱም ለበሬ ሥጋ የሚሆን ገንዘብ ይዞ ወደ አገሩ የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙዎች ለጉዞ ሲሰናዱ፥ በቡራዩ በአሸዋ ሜዳና በአካባቢው ቡድን ሆነው የተነሡ ሰዎች በጋሞና በሌሎችም ከደቡብ በመጡ ነዋሪዎች ላይ ወረዱባቸው። ሰው በደጃፉ ተገደለ፤ ቤት ተዘረፈ፥ ተቃጠለም። ብዙ ሺህ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ አዲስ አበባ ሸሹ፥ በትምህርት ቤቶችም ተጠለሉ። በዚያው ጊዜ ጎረቤቱን በቤቱ የሸሸገ፥ በሩን ዘግቶ እዚህ ማንም የለም ያለ የኦሮሞ ሰው እንደ ነበረም ተነግሯል። ገዳዩ በደል ደርሶበት ነበር ማለት ግን ገዳዩን አያጸድቀውም። የደረሰበትን በደል የሠራው ሸማኔው አልነበረምና።

ወሬው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አርባ ምንጭ ደረሰ። አርባ ምንጭ በዚያን ጊዜ የጋሞ ጎፋ ዞን ዋና ከተማ ነበረች። ከተማዪቱ ራሷ ወጣት ናት፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወደ ቆላው በወረደ ጊዜ የተመሠረተች ናት። ሁለት ሰፈር አላት፤ በላይ ያለው ሼቻ፥ በታች ያለው ሲቀላ ይባላሉ፤ በመካከላቸው አራት ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሼቻ የመሥሪያ ቤት፥ የሹምና የአየር ሰፈር ነው፤ ከገደሉ አፋፍ ሆኖ አባያንና ጫሞን፥ በሁለቱ መካከልም የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ጠባብ ምድር ያያል። ሲቀላ የገበያና የመናኸሪያ፥ የሙዝ ጫኝና የባጃጅ ሰፈር ነው። በከተማዪቱ ውስጥ ከየአገሩ የመጣ ሰው ይኖራል፤ የኦሮሞ ተወላጆችም በንግድና በሥራ ይኖሩባታል።

ወጣቶቹ ተቆጡ። ወንድማቸው ተገድሏልና ቁጣቸው በከንቱ አልነበረም። በብዛት ወጥተው በመንገድ ላይ ፈሰሱ፤ ከእነርሱም ውስጥ በከተማው ባለው የኦሮሞ ተወላጅ ንብረት ላይ ብድር ሊመልሱ ያሰቡ ነበሩ። በአሸዋ ሜዳ የሆነው ነገር በአርባ ምንጭ በሌላ ሰው ላይ ሊደገም የቀረው ጥቂት ነበረ።

በዚያ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች መጡ። ዱላም ሆነ ዘበኛ አልያዙም። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው ነበር። ሣሩን ይዘው በወጣቶቹ ፊት በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዓት ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ በቆመበት ወይም በተንበረከከበት ስፍራ ማለፍ አይቻልም፤ ያለፈ እንደ ሆነ ጎሜ ይሆንበታል፤ ይኸውም በራሱ፥ በልጁ፥ በከብቱና በእርሻው ላይ የሚወርድ በደል ነው ተብሎ ይታመናል። ወጣቶቹም በስልክ ዜና የሚሰሙ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያደጉ የዘመን ልጆች ሲሆኑ፥ በሽማግሌዎቹ ላይ ተረማምደው ሊያልፉ አልደፈሩም። ተመለሱ። አንድም ቤት ሳይቃጠል ተመለሱ።

ይህ ነገር በመላው ኢትዮጵያ በተሰማ ጊዜ ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ ምስሉም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ብዙ ጊዜ ግን ሲመሰገን የሚሰማው ትሕትናው ብቻ ነው። እነዚያ አባቶች የተንበረከኩት በጠላት ፊት አልነበረም፤ በልጆቻቸው ፊት ነበረ። አባት በልጁ ፊት መንበርከኩ በአገራችን ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ካህናት ያውቁታል። ደግሞም ከእነርሱ መካከል በቡራዩ ዘመድ ያለው አልጠፋም፤ የራሱን ኀዘን በሣሩ ሥር ሸፍኖ የመጣ ሰው ነበረ ማለት ነው። ለማያውቁት ጎረቤት ሕይወት የገዛ ልጃቸውን ቁጣ ለመኑት።

ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ግን አንድ የማይመች ነገር ሳይነገር ቢቀር ለሽማግሌዎቹም ክብር አይሆንም። ሣር የሚይዘው በዱቡሻ፥ ማለት በጉባኤው ሜዳ፥ ለመቀመጥ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። በጋሞ ምድር ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ለረጅም ዘመን በዚያ ጉባኤ እንደ ሌላው ሰው አልተቀመጡም፤ ጋብቻ ተከለከሉ፥ መቃብራቸው ተለየ፥ እርሻም እምብዛም አልነበራቸውም። በአዲስ አበባ በሥራው የተናቀው ሸማኔ በአገሩ ሳለ እርሱም ሸክላ ሠሪውን ይንቅ ነበር። ከእነዚህ ከተናቁት ብዙዎቹ ወደ ወንጌላውያን ማኅበር ሄዱ፤ የሄዱበትን ምክንያት የእኛ ካህናት ሌላውን ከመውቀስ አስቀድመው በየአጥቢያቸው ቢጠይቁ መልሱን ከሩቅ አያጡትም።

ሌላም አለ። ሸማኔው ኪራይ በበረታበት ጊዜ ርካሽ እጅ ፈለገ፤ ርካሹም እጅ የሕፃን እጅ ሆነ። ከጋሞ ደጋ ትምህርት ታገኛለህ ተብሎ፥ ለወላጆቹ ጥቂት ብር ተሰጥቶ፥ በደላላ ወይም በዘመድ እጅ ወደ አዲስ አበባ የተወሰደው ሕፃን ብዙ ነው። ከጧት እስከ ሌሊት በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ይሸምናል። ይህ በሕግ ወንጀል ነው። ወንጀለኛውም ከሩቅ የመጣ ሽፍታ አይደለም፤ ራሱ የተገፋ፥ በመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ ልብስ ይዞ የሚመጣ፥ አጎት ተብሎ እጁ የሚሳም ሰው ነው። በቤት ኪራይና በሕፃን እንባ መካከል ያለውን መንገድ የሚያጠና ሰው ቢገኝ መልካም ነበር።

አርባ ምንጭም በተራዋ እየተለወጠች ነው። ጋሞ በ2011 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማዪቱ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። ሐይቁን የሚያይ አፋፍ ለሆቴል ይፈለጋል፤ በታች የሙዙ እርሻ ዳር ሲደርስ ከተማው አይቆምም። ከሐይቁ ላይ የሚነፍሰው አየር ለሁሉ አንድ ነው፤ ከመስኮት ሆኖ ሐይቁን ማየት ግን ዋጋ ወጥቶለታል። ሲቀላ ያለው ሙዝ ጫኝ ወደ ሼቻ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ለጉዳይ፥ አለዚያም ለግንብ ሥራ ነው። እስካሁን ሁለቱ ሰፈሮች ይተዋወቃሉ። ሽማግሌዎቹ በተንበረከኩበት ቀን ወጣቱ የተንበረከከውን አባት ፊት ያውቀው ስለ ነበረ ነው ያፈረው፤ ፊቱን የማያውቀው ሰው ሣር ቢይዝ ሣር ብቻ ይሆንበት ነበር።

ቡራዩም በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃልላ ሸገር ከተማ የተባለው ውስጥ ገባች፤ በዚያው ዓመት በሸገር ሕገ ወጥ የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። በጨረቃ የተሠራው ቤት በፀሐይ ፈረሰ። ሌሎች ደግሞ ቤታቸው ሳይፈርስ ኪራዩ ስለ ጨመረ ለቀቁ።

ሸማኔ ቤት ሲለቅ ከሌላ ተከራይ ይልቅ አንድ ሥራ ይበዛበታል። አከራዩ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሊያከራይ ነውና ጉድጓዱን ሙላልኝ ይለዋል። ሰውየውም ዕቃውን አስቀድሞ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ድሩን ይጠቀልላል፥ መወርወሪያውን በጨርቅ ይቋጥራል። ከዚያም የቆፈረውን አፈር ከግቢው ጥግ በባልዲ እያመላለሰ ይሞላል፤ በእግሩም እየረገጠ ያስተካክላል። አከራዩ በበሩ ቆሞ፥ ገና ጎድጉዷል፥ ጥቂት ጨምርበት ይለዋል፤ እርሱም ባልዲውን አንሥቶ እንደ ገና ይወጣል።